የመብራት ቁምጣ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ሆና ከተገኘች ምላሴ ጉሮሮዬ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቅር፤ ጥርሶቼም በየተራቸው እየተሰናበቱኝ ይውጡ። እኔ የጨመርኩት ጨዉን ብቻ ነው፤ ሥጋው የራሱ የታሪኩ ነው። ጨዉም ቢሆን በቁንጥጫ።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ፍሬን» ነበር የሚለው። የመንጃ ትምህርት ቤት ባለቤት ነው። ከተማሪ ጎን ተቀምጦ «ፍሬን!» ብሎ የጮኸ እንደሆነ የተማሪው መኪና ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ በአራቱም መንገድ ያለ ተሽከርካሪ ቀጥ ይላል፣ እግረኛው አንድ እግሩን እንዳነሣ ይደርቃል፣ በሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላንም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክፋቱ ደግሞ ከድምፁ ይብሳል። ጠላቶቹ ቢሰለፉ ሰልፉ ከተማውን ሁለቴ ዞሮ የራሱን ጭራ ይረግጥ ነበር። የከተማው የቆዳ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ የእሱ ስለሆነ የሕንፃውን ቁልፎች በሙሉ በአንድ ቀለበት አስሮ እያንሿሿ ነበር የሚዞረው።

ይኸው ሰው አንድ ጠዋት በዚያው ክሊኒክ፣ በብርሃን ሕክምናው ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

በክፍሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሰው የሚያስቆም ሣጥን ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ረጃጅም መብራት ነው። ከፀሐይ ጨረር ውስጥ ዓይን የማያየውን፣ አልትራቫዮሌት የሚሉትን፣ መጥኖ ይሰጣል። ለምጽ ያለበት ሰው በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየመጣ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ይቆምበታል። ፍሬንም ለምጽ ነበረበት፤ እጁ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ከሁሉም ይልቅ አገጩና ጉንጩ ላይ። የፊቱን በጢም ሸፍኖት ኖሯል። ያ ጢም ጫካ ነበር፤ ወፍ ቢገባበት መውጫው ይጠፋዋል።

ያን ዕለት ጠዋት ነርሷ ክፍሉን ስትከፍት ሰውየው ሣጥኑ ውስጥ ጀርባውን ለመብራቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። መብራቱ ጊዜው አልቆ ራሱን አጥፍቷል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው፤ ቁምጣ ታጥቋል። ገላው ሐምራዊ ሮዝ መስሏል። ጢሙ የለም። አገጩ ውሃ ቋጥሮ አብጧል።

ፖሊስ ሲደርስ የክሊኒኩ ዶክተር ጣቱን ነርሷ ላይ ቀስሮ ጠበቀው። መርማሪዋ ስትመጣ ነርሷ ካቴና ገብቶላት ነበር።

መርማሪዋን «ወረንጦ» ይሏታል። ሥጋ ውስጥ የተደበቀ እሾህ ነቅሳ ታወጣለችና። «እንደምን አደራችሁ» የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፈገግ ካለች አንድ ሰው ታስሯል ማለት ነው። ግንብ ላይ ብታፈጥ ግንቡ የሠራውን ግንበኛ ስም ይናዘዛል፤ ይሄን ያዩ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ፣ አንደኛው እንኳ አሁን በሕይወት የለም።

«ማነው ሬሳውን የነካ?» አለች ከደጃፉ።

«ማንም አልነካውም» አለ ዶክተሩ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ጠዋት ማልዶ መጣ፣ ይቺ አስገባችው፣ መጠኑን አብዝታ ረሳችው። ጠብሳ ገደለችው። እኔ ሁልጊዜ...»

«ዶክተር፣ የጠየቅኩህ ስለ መንካት ነው። ስለ ጥብስ ሲርበኝ እጠይቅሃለሁ።»

ነርሷ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። እንባዋን ለመጥረግ አንድ እጇን ስታነሣ ሌላኛው አብሮ ይነሣል።

«ዛሬ አብርተሻል?» አለቻት ወረንጦ።

«አላበራሁም። ስገባ ሞቶ ነው ያገኘሁት። እባክዎን፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከታሰርኩ...»

«ልጆችሽ አልተጠየቁም። ትናንትስ?»

«ትናንት ከሰዓት ተራው ነበር። በልኩ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ ሲመጡ ትንሽ ነው የምንሰጠው፤ ቆዳው እየለመደ ሲሄድ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንጨምራለን። እሱ ብዙ ወር ተመላልሷል፣ ስለዚህ መጠኑ ከፍ ብሏል።»

«ከመግባቱ በፊት ምን ጠየቅሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው። አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል ወይ? ሽቶ ወይም ቅባት ተቀብተዋል? ካለፈው በኋላ ቆዳዎ ቀልቷል፣ አቃጥሎዎታል? የተለወጠ ነገር አለ? ፊቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ነው የመጣው፤ ቀድሞኝ ገብቶ በሩን ዘጋ። በበሩ በኩል ነው የጠየቅኩት። ‹ምንም የለም፣ አብሪው!› ብሎ ሲጮህብኝ አበራሁት። ሚስትየው አብራኝ ተቀምጣ ነበር፤ ሰምታለች።»

«ጢሙን መላጨቱን አላየሽም?»

ነርሷ ደነገጠች። «ሲወጣም ሻርፑን እንደጠመጠመ ነው። እንዲያ ቢነግረኝ ኖሮ ፊቱን እሸፍነው ነበር! በጢም ተከልሎ የኖረ ቆዳ ብርሃን አያውቅም እኮ። ለሌላው ገላ የሚሆነው መጠን ለእሱ እሳት ነው። ለዚህ ነው የተላጨም፣ የተቆረጠም፣ ልብስ የቀየረም ይንገረን የምንለው!»

«እና ማታውን ነደደ» አለች ወረንጦ። ወደ ሬሳው ጎንበስ ብላ መነጽሩን አወለቀችለት። የዓይኑ ነጭ በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። በብዕሯ ጫፍ የቁምጣውን እግር ገለጥ አደረገች፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ረጅም ቁምጣ ነው። ከሥሩ ያለው ጭን ግን ሮዝ ነው፤ ሮዝነቱ ከጨርቁ ሥር ሽቅብ ይወጣና ከብሽሽቱ ሳይርቅ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በክንዱ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ጣቷ ተንሸራተተ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቫዝሊን» አለ ዶክተሩ።

«ሰው መብራት ሊገባ ሲል ትቀቡታላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ነርሷ፣ ካቴናዋን ረስታ። «ወፍራም ቅባት ብርሃኑን ይከልላል። ታጥበው ነው የሚገቡት። የሚቀቡት ከወጡ በኋላ ነው።»

ወረንጦ ፈገግ አለች። ዶክተሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዶክተር፣ ሟቹ ከዚህ ሕንፃ ሊያስወጣህ እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«እና? ለዚህ ብዬ ሰው ልገድል? ይሄን ሰውዬ የጠላ ሁሉ ገዳይ ከሆነ ከተማውን በሙሉ እሰሪዋ!»

«ለከተማው የሚበቃ ካቴና የለኝም። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። በዚህ ጨረር የተቃጠለ ቆዳ የሚቀላው መቼ ነው?»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዲያው አይደለም። ከሰዓታት በኋላ ነው። አንዳንዴ በማግሥቱ።»

«ሬሳስ ይቀላል?»

ዶክተሩ ወደ በሩ አየ።

«ለተማርክበት ዩኒቨርሲቲ አዘንኩለት» አለችና ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣች።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች በሁለት ጥግ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ሚስትየው ናት፤ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ስትናገር የራሷን ድምፅ እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ የምትመስል ሴት። ሌላው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው መንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ታላቁ የጮኸበትን ጩኸት ሁሉ አጠራቅሞ አሁን እያወጣው ነበር።

«ማን ነው የሚከሰሰው? ክሊኒኩ ነው? መሣሪያው ነው? ይዘጋልኝ ይሄ ቤት!»

«ተቀመጥ» አለችው ወረንጦ። «ወደ መብራቱ ክፍል ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ! አመጣዋለሁ፣ መኪና ውስጥ እጠብቀዋለሁ፣ እወስደዋለሁ። አለቀ።»

«ለምን አልገባህም?»

«ይጋባላ!»

«ማን አለ?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ከእሷ ነው የተጋባበት።» በአገጩ ወደ ሚስትየው ጠቆመ። «አገር የሚያውቀው ነው። ገላዋ ላይ አይታይም እንጂ ደሟ ውስጥ አለ። ዘመድ ሁሉ ከእጇ ውሃ አይቀበልም፤ ምነው፣ ሳያውቅ ነው?»

ሚስትየው ቀና አላለችም።

«ትናንት ግን አንተ አላመጣኸውም» አለችው ወረንጦ።

«ተጣልተን ነበር።»

«ምን አጣላችሁ?»

ታናሹ ሳይወድ ተናገረ። ለካ ሠርጉ ደርሷል። ለሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች በእነሱ ዘር ለምጽ የሚባል እንደሌለ ምሎ ተገዝቷል። ታላቁ ይሄን ሲሰማ ወደ ጸጉር ቤት ሄዶ ጢሙን ሙልጭ አደረገው፤ ሠርጉ ላይ፣ እስከዚያ በሻርፕ የጠመጠመውን ፊቱን ገልጦ፣ ከሙሽራው ጎን ቆሞ ፎቶ ሊነሣ።

«ሊያዋርደኝ ነው የተላጨው!» አለ ታናሹ። «እኔን ለማናደድ ብሎ እኮ ነው ያደረገው! እንዲህ ያለ ወንድም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የባሰም አይቻለሁ። ትናንት ማታስ ቤቱ ሄደህ ተጣላኸው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሦስት ሠፈር ሰምቷል። አራተኛው ተኝቶ ነበር፣ ነቃ።»

ከእሱ ዘንድ ተነሥታ ወደ ሚስትየው ዞረች፤ ድምፅዋን አላለሰለሰችም።

«መብራት ሲገባ የሚለብሰው ምን ዓይነት ቁምጣ ነው?»

«እኛ የመብራት ቁምጣ ነው የምንላት» አለች ሚስትየው። «አጭር ናት። ቀዳዳዋ በዝቷል። ልጥላት ስል ይቆጣ ነበር። ነርሷ መጀመሪያ ቀን ነው አሉ ያዘዘችው፤ የሚሸፈነው ቦታ ሁልጊዜ ያው ካልሆነ ያልለመደው ቆዳ ይቃጠላል ብላ። ሌላ ነገር ለብሶ ገብቶ አያውቅም።»

«አሁን የት ናት?»

«ገመድ ላይ። ትናንት ማታ አጠብኳት።»

«እርስዎስ ማታ የት ነበሩ?»

«ሲጣሉ ወጣሁ። እህቴ ቤት አደርኩ።»

ወረንጦ የምትፈልገው ያንን አልነበረም፤ የቁምጣዋን ነገር ከያዘች በኋላ ጆሮዋ ሌላ አልሰማም። ብድግ ብላ እጇን አጨበጨበች። «ሁላችሁም ወደ መብራቱ ክፍል! ዶክተር፣ ወንበር አምጣ። ለእኔ አይደለም፤ ለሚወድቀው ሰው ነው።»

ሬሳው ተነሥቶ ተወስዷል። ሣጥኑ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ዶክተሩ፣ ነርሷ ከነካቴናዋ፣ ሚስትየውና ታናሹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ። ክፍሉ እንኳን ለሰባት ሰው ለሁለትም ይጠባል፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተቀበለ ይተነፍስ ነበር።

«እንጀምር» አለች ወረንጦ። «ዶክተሩ ‹ዛሬ ጠዋት መብራት ገደለው› አለ። ሐሰት። ይህ ብርሃን ቆዳን የሚያቀላው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ለመቅላትም የሚዘዋወር ደም ይፈልጋል። ሬሳን ዓመት ሙሉ ብታበሩበት አይቀላም። ስለዚህ ያያችሁት ቅላት የትናንት ከሰዓቱ ነው። ገላው በልኩ ነው የቀላው፤ ነርሷ አላበዛችም። አገጩን ያቃጠለው የራሱ ውሸት ነው፤ ተላጭቶ ‹ምንም የለም› ብሎ ገባ። እስኪያብጥም ድረስ በሕይወት ነበር። ታዲያ በምን ሞተ? ዓይኑ ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ አለ። ታፍኖ ነው። የታገለበት ምልክት የለም፤ በእንቅልፉ ነው። ሰው ደግሞ መብራት ሣጥን ውስጥ ቆሞ አይተኛም። አልጋው ላይ ሞቶ ነው እዚህ የመጣው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

«ገና አልጨረስኩም፤ አታመስግኚኝ። ማን አመጣው? የሞተውን ሰው ለመብራት ያሰናዳው ሰው ስለ መብራቱ የሚያውቀው ከወሬ ብቻ ነው። ወፍራም ቫዝሊን ለቀለቀው፤ ፀሐይ ሊሞቅ የሄደ መሰለው! ነርሷ ይሄን አታደርግም። ዶክተሩ ሰነፍ ነው፤ እንዲህ ያህል ግን አይሰንፍም።»

«ኢንስፔክተር!» አለ ዶክተሩ።

«አመሰገንኩህ እኮ። ቁምጣውስ? ገላው ላይ ያለው መስመር የአጭር ቁምጣ ነው፤ ያለበሱት ረጅም ነው። ሚስቱ ብትሆን እጇ በቀጥታ ወደዚያች ቀዳዳ ቁምጣ ነበር የሚሄደው፤ ገመድ ላይ የሰቀለችው እሷ ናት። ስለዚህ ይቺ ሴት ንጹሕ ናት። የቀረው ማነው? ዘወትር እያመጣው ከመኪና ያልወረደ። የታላቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጓሮ በር የገባ። ማታ ተጣልቶት የነበረ።»

ታናሹ ዘፍ አለ። ወንበሩ ጠቀመ።

«እኔ አልገደልኩትም!» አለ። «ልታረቀው ሳይነጋ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ስነቀንቀው የለም፤ ሞቷል። ማታ የተጣላነውን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ማን ነው የሚያምነኝ? መብራቱ ገደለው እንዲባል ብዬ ነው ያመጣሁት። ማምጣቱን አመጣሁት፤ አልብሼዋለሁ፣ ቀብቼዋለሁ፣ የመብራቱን ማብሪያ ተጭኜዋለሁ። መግደሉን ግን አልገደልኩትም!»

«ምን ዓይነት ጅል ነህ!» አለች ወረንጦ። «ለምጹ እንዳይታይ ብለህ ገደልከው፤ ከዚያ ወስደህ ቆዳ ሐኪም ቤት አስቀመጥከው! እንዲህ ያለ ደባቂ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። ዶክተሩም እንደ መሳቅ አለ። ወረንጦ የነርሷን ካቴና ራሷ ፈታችላትና ወደ ታናሹ አንጓ አሻገረችው። ጠቅ ሲል በሰባት ጎዳና ተሰማ። ነርሷ አንጓዋን እያሸች አለቀሰች።

«ዋርሳዬ እውነቱን ነው» አለ አንድ ድምፅ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ሚስትየው ነበረች የተናገረችው። የባሏን ወንድም ዋርሳዬ ብላ ስትጠራው ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን አሉ?» አለች ወረንጦ።

«እሱ ሲደርስ ሞቶ ነበር። ይፍቱት።»

«እርስዎ እንዴት ያውቃሉ? እህትዎ ቤት ነው ያደሩት።»

«እህቴ ቤቷ አስገብታኝ አታውቅም» አለች ሚስትየው። «ይጋባል ብላ። ደጅ ተቀምጬ አመሸሁና ተመልሼ ገባሁ። ትራሱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በሩን ክፍት ትቼ የወጣሁትም እኔው ነኝ።»

ወረንጦ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሚስትየው የምታወራው ለነርሷ ነበር፤ ሌላውን አላየችውም። «ትናንት እሱ እዚህ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጠይቄሽ አልነበር? ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፣ ማንም ለማንም አይሰጠውም አልሽኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ዋርሳዬ ተጣልቶት ከሄደ በኋላ ገብቼ ነገርኩት። ‹እኔ አይደለሁም ለካ› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?» አለች ነርሷ።

«‹ይሄንንማ ዶክተሩ መጀመሪያውኑ ነግሮኛል› አለኝና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።»